ዘጠኝ ወንበር፣ ስምንት ቤት

የውድድሩ ቀን ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እናቴን ከነወንበሯ አውጥቼ ግቢው መሃል ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጥኳት። ተወዳዳሪው ባለበት ክፍል ሌላ ሰው እንዲኖር አይፈቀድም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማዳመጫ፣ እኛ ጆሮ የምንለው፣ የሁለት ፍጡር ትንፋሽ ከሰማ ጨዋታው ሳይጀመር ያባርራል። ባለፈው ውድድር ከታችኛው ሰፈር አንዲት ሴት በድመቷ ምክንያት ተባራለች፤ ይግባኟ እስካሁን አልታየም። ውሃዋን አጠገቧ አኖርኩላትና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከጥላው ጋር ወንበሯን እያንፏቀቀች እንድትዞር ነገርኳት። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ እናቴ በእግሯ ከምትሄደው ይልቅ በወንበር የምታንፏቅቀው ይበልጣል። የመለሰችልኝ ምሳዬን እንዳልረሳ ብቻ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ ይሰጥ የነበረበትን ዘመን እኔ አልደረስኩበትም። እናቴ ግን ታስታውሰዋለች፤ ስም ዝርዝር ይወጣና ግማሹ ሰው ያለቅስ፣ ግማሹ እልል ይል ነበር ትላለች። በኋላ ዕጣ ዕውር ነው ተባለ። በፈተና ይሁን ሲባል ደግሞ ያልተማረው አጉረመረመ። በመጨረሻ የተገኘው ማስታረቂያ ፖከር ነው። ግማሹ ዕድል፣ ግማሹ ጭንቅላት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የሚያማርርበት ሰው አልተገኘም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን አዳማ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ከቁጠባ ደብተር በፊት ካርታ መያዝ ይማራል።

እኔን ያስተማሩኝ ጋሽ ኢዮስያስ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ የእኛን ክፍል ከእሳቸው የሚለየው አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ሲሆኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጋራ መኖሪያ ማማዎቹ የቆሙበትን መሬት ሲለኩ ኖረው ራሳቸው እዚህ ቆርቆሮ ሥር ቀርተዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እናቴ የወደቀች ዕለት በጀርባቸው አዝለው ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ቧንቧው ዳር በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠን በሽምብራ ተጫወትን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል። ከዚያ መሃል ላይ የሁሉም የሆነ አምስት ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ከዚያ የመጨረሻው። ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያሰባሰበ ያሸንፋል። በየመሃሉ ወይ ካርታህን ትጥላለህ፣ ወይ ሌላው የጨመረውን ትከተላለህ፣ ወይ ራስህ ትጨምራለህ። ይህን ማንም በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። ሁለት ዓመት የፈጀው መዋጮው ነው። በየዙሩ ሁለት ሰው ካርታውን ሳያይ መዋጮ ያስቀምጣል፤ አንዱ ትንሹን፣ ከግራው ያለው ትልቁን። ግዴታ ነው። ተራው ወንበር ለወንበር ይዞራል፤ መጠኑም በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ያድጋል። ጠዋት ከቁጥር የማይገባ መዋጮ ከሰዓት በኋላ ካለህ ላይ ሲሶውን ይወስዳል። ዝም ብሎ ጥሩ ካርታ የሚጠብቅ ሰው እንደተቀመጠ ይበላል።

«ሁለት ሁለት ተኩል መዋጮ ብቻ ሲቀርሽ የያዝሽውን ካርታ አትዪ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሽምብራቸውን ጠራርገው ወደ መሃል እየገፉ። «ሁሉንም ግፊው። ዳኛው እንኳ አይጠይቅሽም። የጨነቀው ሰው ምን ቢያደርግ ያምነዋል።»

ዳኛው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። እጅ የምንለውን እያንዳንዱን የጨዋታ ዙር ይመዝናል፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳድደው ደግሞ ደንብ አሥራ አራትን የጣሰ ሰው ነው። ደንቡ ለሚያውቁት ሰው መራራት ማታለል ነው ይላል። ለጓደኛህ ብለህ መጣል የማይገባህን ካርታ ከጣልክ ሁለታችሁም ለአሥራ አምስት ዓመት ትታገዳላችሁ። በዚህ የተነሣ ከውድድሩ ስልሳ ቀን በፊት ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት በኋላ ድረስ፣ በአንድ ውድድር የተመዘገቡ ሰዎች በቀን የሚነጋገሩት ከአምስት ቃል መብለጥ የለበትም። ጆሮ በየበሩ፣ በቧንቧው ራስ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አለ። የመጀመሪያ ሰሞን ጋሽ ኢዮስያስ «ደህና አደርሽ ሃሴት፣ እናትሽ እንዴት» ይሉና አፋቸውን በመዳፋቸው ይይዙ ነበር። ኋላ «ደህና» ብቻ ሆነ። ደንቡን ያወጣው ሰው ጎረቤት ኖሮት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ግቢያችን በሐምሌ ማብቂያ እንደሚፈርስ ተነግሮናል። ቤት ያገኘ ማማ አሥራ ሁለት ይገባል። ያላገኘ ከከተማው ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ጊዜያዊ መጠለያ ይሄዳል፤ እዚያ የገቡት ከገቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እናቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ከማማው ሐኪም ቤቱ መንገድ መሻገር ነው። ከመጠለያው እንዴት እንደማመላልሳት ብዙ ጊዜ ለማሰብ ጀምሬ አልጨረስኩትም። ማማውን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ የአሳንሰሩ ሠራተኛ ነኝ። ሰዎችን ወደ ቤታቸው ሳደርስ ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ በራ። ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አራት ሰው፣ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ገበታ፣ በየገበታው ዘጠኝ ወንበር። ቤቱ ስምንት ነው። ለሁሉም እኩል አሥር አሥር ሺህ ነጥብ ተሰጠን፤ ሰፈርተኛው ጠጠር የሚለው ነው፤ ካለቀብህ መልሰህ የምታገኝበት መንገድ የለም። ስም የለም፣ ፊት የለም፣ የወንበር ቁጥር ብቻ። አንድ ሰፈር የተመዘገቡ ሰዎችን ዳኛው በተለያየ ገበታ ያስቀምጣቸዋል፤ ሰው እያነሰ ሲሄድ ግን ገበታዎቹ ይታጠፉና የተረፉት እየተሰበሰቡ ይቀመጣሉ። ተረጋግተህ የተጋጣሚህን ጠባይ ስታጠና ወንበርህ ይነቀልና ከማታውቃቸው ስምንት ሰዎች መሃል ትገኛለህ። እስከ ምሳ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ተነቅያለሁ።

ከስክሪኑ ይልቅ የሚረብሸኝ ግቢው ነበር። የተሸነፈ ሰው ክፍሉን መክፈት ይፈቀድለታል። መጀመሪያ የልብስ ሰፊው በር ሲጥጥ አለ። ቀጥሎ የመንታዎቹ አባት። በር በተከፈተ ቁጥር እናቴ በቀስታ ስትጠይቅና ሰውየው በቀስታ ሲመልስላት እሰማለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ድምፅ ሞልቶ ነበር፤ ያልተከፈተ በር የእኔና የጋሽ ኢዮስያስ ብቻ ነበር። በአምስቱ ደቂቃ ዕረፍት ምሳዬን አየሁት እንጂ አልበላሁትም። እግሬ በራሱ ጊዜ ወለሉን ይመታል፤ በእጄ ጫን ብዬ ስይዘው ሌላኛው ይጀምራል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ገበታ ተዘረጋ። ዘጠኝ ወንበር። አንድ ሰው ብቻ ይወጣና የቀረነው ስምንት ቤት ይሰጠናል። እኔ ወንበር ሦስት ነኝ። ወንበር አራት፣ ከግራዬ፣ ካርታ በደረሰው ቁጥር ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ይጥላል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ፣ ከመጣሉ በፊት፣ ከግድግዳው ማዶ ሳል ሰማሁ። አራተኛውም ላይ እንደዚያው። ስድስተኛው ላይ መጠራጠር አልቻልኩም፤ ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ የሚከተል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቧንቧው ዳር የለመድኩት ሳል ነው።

እሳቸውም አውቀውኛል። በርጩማዬ ይንጫጫል፤ አስጠግኚው ብለው መቶ ጊዜ ነግረውኛል። እኔ ከመጨመሬ በፊት ወደ ፊት ስለምል በርጩማው ጢው ይላል። ጢው ባለ ቁጥር ወንበር አራት ካርታውን ይጥላል።

ከዚያ የሆነውን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት የምችል አይመስለኝም። በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ፣ እየተባባሉ እንደሚቆሙት ሆንን። እሳቸው ባሉበት እጅ እኔ እጥላለሁ፤ እኔ ባለሁበት እሳቸው። ሌሎቹ ሰባቱ ዘጠነኛ ላለመሆን ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መዋጮው ግን ይሉኝታ አያውቅም። ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ ትልቁ መዋጮ ሁለት መቶ ሺህ ደረሰ። እኔ ዘንድ ሰባት መቶ ሺህ ቀርቷል። ጋሽ ኢዮስያስ ዘንድ አምስት መቶ። ከገበታው የመጨረሻዎቹ ሁለታችን ነን።

ስክሪኑ ዳር ቢጫ ጽሑፍ ወጣ። «ወንበር ሦስት እና ወንበር አራት፦ በአሥራ ዘጠኝ እጅ አልተጋጠማችሁም። ደንብ አሥራ አራትን ያስታውሱ።»

በርጩማው እንዳይንጫጫ ቆሜ መጫወት ጀመርኩ፤ የባሰ ጥፋተኛ የመሰልኩ ስለመሰለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው እጅ ትልቁ መዋጮ የእኔ ተራ ነበር። የተሰጡኝ ሁለት ንጉሦች ናቸው። ከዚህ የሚበልጥ አጀማመር አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚናገረው ወንበር አራት ነው። ሳል አልሰማሁም። አምስት መቶ ሺውን በሙሉ ገፋ።

የቀሩት ሰባቱ በየተራቸው ጣሉ። ለእኔ ሃያ ሴኮንድ፣ ሲያልቅ ደግሞ የተቆጠበችልኝ ሁለት ደቂቃ። ከተከተልኩና ካሸነፍኩ ጋሽ ኢዮስያስ ዘጠነኛ ሆነው ይወጣሉ፤ እናቴ ማማ ትገባለች። ከጣልኩ፣ በዚያ ቢጫ ጽሑፍ ላይ ሁለት ንጉሥ ጥዬ፣ ሁለታችንም እንታገዳለን። የሚመረጥ ነገር እንደሌለ አውቄያለሁ፤ ቢሆንም ሴኮንዶቹን ስቆጥር ቆየሁ። ውጭ እናቴ ወንበሯን ስታንፏቅቅ ሰማሁ፤ ጥላው ዞሯል ማለት ነው። ባልዲው ላይ ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ ሁለት ንጉሥ ይዘሽ ካመነታሽ እሱ አስተማረኝ እንዳትዪ ብለውኝ ነበር። ሁለቱ ደቂቃ ሊያልቅ አራት ሴኮንድ ሲቀረው ተከተልኩ።

ካርታቸው ተገለጠ። ሰባትና ሁለት፣ ቀለማቸው እንኳ የተለያየ። በጨዋታው ውስጥ ከዚህ የባሰ እጅ የለም።

ያኔ ገባኝ። ሃምሳውን ደቂቃ ሙሉ ጠጠራቸውን ለመዋጮ ሲያስበሉ የቆዩት ፈርተው አልነበረም። ሁለት ተኩል መዋጮ እስኪቀራቸው፣ ምን ይዘው ቢገፉ ዳኛው የማይጠይቅበት ደረጃ እስኪደርሱ፣ መጥቼ የምወስደው ቦታ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ነበር። ቤቱን እየሰጡኝ ነው፤ በደንቡ መሠረት፣ ማንም ሊመሰክርባቸው በማይችል መንገድ። ዓይኔ እንባ አቀረረና መሃል የሚገለጠው ካርታ ደበዘዘብኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት፣ ጃክና ሰባት ናቸው። አንድ ጥንድ አገኙ፤ የእኔ ንጉሦች ግን አሁንም ይበልጣሉ። አራተኛው አሥር ነው። የቀረው አንድ ካርታ ነው። መጣ፤ ሁለት።

የሰባት ጥንድና የሁለት ጥንድ፤ የእኔን አንድ ጥንድ ይበልጣሉ። ለመሸነፍ የገፉት ሰውዬ አሸነፉ። ከግድግዳው ማዶ ሳል የማይመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው አፉን በትራስ ሲያፍን የሚወጣ ዓይነት።

ሁለት መቶ ሺህ ቀረኝ። በሚቀጥለው እጅ ትንሹ መዋጮ የእኔ፣ ትልቁ የእሳቸው ነው። መቶ ሺህ ከእኔ ተነሥቶ ተቀመጠ። የተሰጠኝ ንግሥትና ዘጠኝ ነው። ሁሉም ጣሉ። ጎረቤቶች ሲጣሉ ከመስኮት እንደሚያይ ሰው ሰባቱም ከዳር ሆነው አዩን። ሁለት መዋጮ እንኳ የለኝም፤ እንደተማርኩት የቀረችኝን መቶ ሺህ ገፋሁ። ጋሽ ኢዮስያስ የሚወስኑት ነገር አልነበረም። ያስቀመጡት የግዴታ ሁለት መቶ ሺህ እኔ ካለኝ ጋር እኩል ስለሆነ ዳኛው ማንንም ሳይጠይቅ ካርታውን ራሱ ገለጠው። ሁለት አራቶች ይዘዋል። መሃል ያሉት አምስቱ ለሁለታችንም ምንም አልጨመሩም፤ ጥንዳቸው አሸነፈ።

«ወንበር ሦስት፦ ዘጠነኛ ደረጃ። ቢጫው ማስታወሻ ተነሥቷል። ሁለታችሁም በትክክል ተጫውታችኋል። እናመሰግናለን።»

በሩን ስከፍት ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አይተው ወደ መሬት አቀረቀሩ። እናቴ ዓይኗን ከእኔ አንሥታ ያልተከፈተውን የጋሽ ኢዮስያስን በር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱ ነው የወሰደው?» አለች።

አዎ አልኳት።

«እንኳን ሌላ ሰው አልሆነ» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ፤ ወንበሯን ከፀሐይ እንዳወጣላት።

የጋሽ ኢዮስያስ በር እስከ ማግስቱ አልተከፈተም። ቤቱን አልቀበልም ብለው ማመልከቻ እንዳስገቡ በኋላ ነው የሰማሁት። አሸንፎ የማይቀበል ሰው ለመሸነፍ ሲጫወት እንደነበረ ይቆጠራል ተባሉ፤ ከጸኑ ምርመራው እኔንም እንደሚጨምር፣ የእናቴ የመጠለያ አልጋም እንደሚሰረዝ ተነገራቸው። ማመልከቻውን አነሡ። እኛን አስጠግቼ ልኑር እንዳይሉ ደግሞ በአንድ ገበታ የተቀመጡ ሰዎች ለአምስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር አይችሉም። በደንቡ ያልታሰበ ቀዳዳ የለም። ግቢው የፈረሰ ዕለት እኛ በአንድ መኪና፣ እሳቸው በሌላ ተጫንን። የነበረኝ አምስት ቃል ስለሆነ አስቀድሜ አጥንቼው ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንዱም አልወጣ አለኝ።

አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ እናቴን አጣጥቤ፣ ሦስት መኪና ቀያይሬ፣ ማማ አሥራ ሁለት እገባለሁ። ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀን አብራኝ ትመጣና እስክጨርስ ምድር ቤት አግዳሚው ላይ ትጠብቀኛለች። አሳንሰሩ ውስጥ ጆሮ አለ። ስንተኛ ፎቅ ብሎ መጠየቅና መመለስ የሥራ ጉዳይ ስለሆነ ከአምስቱ ቃል አይቆጠርም።

ጋሽ ኢዮስያስ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን በቀን አንድ ጊዜ ይወርዱና ይወጡ ነበር። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሆነ። በዚህ ወር ስድስት ጊዜ የወረዱበት ቀን አለ፤ አንድ ጊዜ ክብሪት ሊገዙ፣ አንድ ጊዜ ክብሪቱን ሊመልሱ። እናቴ አግዳሚው ላይ ስትሆን ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ሳይናገሩ፣ ከወገባቸው እጥፍ ይሉላታል። እሷ አልተመዘገበችም፤ ልታወራቸው ትችላለች፤ ግን እሷም ዝም ትላለች። እሳቸው መመለስ የማይችሉትን ነገር መጠየቅ ነውር ይመስላታል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ገቡ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሳቸው ከስተው ይሁን ኮታቸው ሰፍቶ አላውቅም፣ ትከሻቸው ላይ አልተቀመጠም። ወደ ቁልፎቹ ዞርኩ።

«ስንተኛ፣ ጋሽ ኢዮስያስ?»

የግድግዳውን ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። ሁለት ጊዜ ሳሉ።

«ምድር» አሉ።

ያለነው ምድር ላይ ነበር። ተጫንኩት። በሩ ተዘጋ፤ አሳንሰሩ ቦታው ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ንቅንቅ አላለም። ትከሻ ለትከሻ ቆምን። ትንፋሻቸው እንደ ድሮው ከጎኔ ይሰማኛል፤ በመሃላችን ግን ግድግዳ የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ በራሱ ተከፈተ። እናቴ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ወደ አሳንሰሩ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

«ስንተኛ?» አልኩ።

«ምድር።»

እንደገና ተጫንኩት።